ጋኔን ነው ያልነው

ኅዳር ፲ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ከቅዳሴ በኋላ

ዛሬም ጸበል። ይታይሽን ማጥመቅ ከጀመርን ሦስተኛ ቀን። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷን ጣሊያን በአማኑኤል መንገድ ላይ ከገደለው ወዲህ አጎቷ አለነ ያሳድጋታል። እጇን ይዤ ያስረከብሁት እኔው፣ የነፍስ አባታቸው። ከክረምት ጀምሮ ቃል አይወጣትም። መኝታዋን ታረጥባለች። በር ሲንኳኳ ትርበተበታለች።

እንደ ወጉ ጋኔኑን ጠየቅሁት፦ ማን ነህ? የት ያዝሃት? ደብተሬ ሆይ፣ ተናገረች! በገዛ ድምጿ። "አያ አለነ ነው። ጎታው ሥር አስሮ።" ሕዝቡ አጉረመረመ። የአለነ ፊት ዐመድ መሰለ። አረጋጋሁ፤ ጋኔን ሐሰተኛ ነው፣ ዘመድ ከዘመድ ሊያጣላ ነው አልሁ። እልል ተባለ። ልጅቱን መልሼ ለአለነ ሰጠሁት።

ኅዳር ፲፩፣ ጠዋት ፫ ሰዓት

ባለቤቴ እናኑ ቁርስ አላቀረበችም። ኩርፊያ። ጋኔን ስለ ጎታ ምን አገባው አለችኝ። አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ ብዬ ዘጋኋት። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

እዚያው ቀን፣ ፱ ሰዓት

እናኑ ልጅቱን ወንዝ ውኃ ስትቀዳ አግኝታ ይዛት መጣች። ቀሚሷን ገልጣ ጀርባዋን አሳየችኝ። እግዚኦ! እግዚኦ! ሰንበር በሰንበር ላይ፤ አሮጌው ሳይሽር አዲሱ። የእጇ አንጓ በመጫኛ ገመድ ተልጧል። ሦስት ቀን አጥምቄ አላየሁም! ከነልብሷ ነበር የምናጠምቃት።

ሌላም አለ። መቋሚያዬን ላነሣ ብል ራሷን በክንዷ ከለለች። ከእኔ! ለምን ብላት ለእናኑ በጆሮዋ ነገረቻት። በመታት ቁጥር "ግረፋት ያሉኝ አባ ናቸው" ይላት ኖሯል።

ብያለሁ። ለአባቷ እያለቀሰች አልበላም ባለች ጊዜ፣ በትር ያስተካክላታል ብዬዋለሁ። ወይኔ! ኀዘን ነበር እኮ። ያን ጊዜ የሚያቅፋት ቢኖር ዛሬ ጸበል ምን ያደርግላት ነበር?

ኅዳር ፲፪፣ ከቅዳሴ በፊት

አለነ ደጅ ቆሟል። ልጄን አውጡ ይላል። ጣሊያን የሰጠው ጠመንጃ ትከሻው ላይ። ይታይሽ አልጋ ሥር ገብታለች።

አልሰጠውም። ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ሕዝቡ ይሞላል። በፊቱ ቆሜ እናገራለሁ፤ የተናገረችው ልጅቱ ነበረች፣ ሐሰተኛው እኔ ነኝ።

ልወጣ መቋሚያዬን አነሣሁ። ካልጋው ሥር ዓይኗን አየሁ። መልሼ አስቀመጥሁት። ባዶ እጄን እወጣለሁ።