ቤልጅጉን መልሼልሃለሁ

ውድ አንለይ፣

ይህን ማን ጻፈላት ብለህ እንዳትጠይቅ፤ ራሴ ነኝ። አንተ ትተኸኝ ከሄድህ በኋላ ቀነኒ የምትባል የወለጋ ልጅ የመንደሩን አሮጊትና ሽማግሌ ሰብስባ ፊደል ስታስተምር ገባሁ። ደብዳቤ በ«ውድ» ይጀመራል ስላለችን ነው እንጂ ቃሉ ለአንተ አልወጣ ብሎኝ ነበር።

ኪዳኔን ልከህብኛል። ቤልጅግ ጠመንጃህ አልታዘዝ ስላለህ እሱን ተቀብዬ በምትኩ የተውህልኝን ምንሽር እንድሰጥህ ነው መልእክትህ። ስትሄድ መርጠህ የሄድህ አንተ ነህ። «ቤልጅግ መርፌ ነው፣ ያነጣጠሩበትን ይወጋል፤ ምንሽር የዘበኛ ምርኩዝ ነው» ስትል መንደሩ ሁሉ ሰምቶሃል። ምርኩዙን ለእኔ ትተህ መርፌውን አንግተህ ወጣህ።

ያ ምርኩዝ ይህን ሁሉ ክረምት በቆሎዬን ጠብቆልኛል። መተኮስ ያስተማረኝ ሰው የለም። መጀመሪያ ትከሻዬን አበለዘው፣ ኋላ ተላመድን። ወደ ግራ አንድ ጋት ስቶ እንደሚመታ ከርከሮዎቹ አስተማሩኝ፤ አሁን ወደ ቀኝ አስበልጬ አነጣጥራለሁ። ዝናብ ቢመታው፣ ጭቃ ቢነካው፣ ቃታውን ስስብ እምቢ ብሎኝ አያውቅም።

ኪዳኔ ሲመጣ በቆሎው ዳር ቆሜ ነበር። ከሩቅ ያየሁት ጠመንጃውን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ሰደፉ ላይ ያለው የመዳብ ሽቦ በፀሐይ አብለጨለጨ። ስትጠመጥመው ጫፉን የያዝሁልህ እኔ ነኝና አይጠፋኝም። ወደ ቤት ሮጥሁ። ፊቴን ታጠብሁ፣ ሻሼን ቀየርሁ፣ መደቡን ጠራረግሁ። ስወጣ ደጄ ላይ የቆመው ኪዳኔ ነው።

«እትዬ ብርሃነሽ፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አለኝ።

«ጠመንጃ አንግቶ ሰው ደጅ መቆምን ከማን ተማርኸው?»

«አንለይ ልኮኝ ነው።»

«እሱስ እግሩን ምን ነካው?»

«ደህና ነው። ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ...»

«ከአሶሳ ወዲህ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ ኪዳኔ። ዝንጀሮ እንኳን ይመላለሰዋል።»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቤልጅጉን ተቀብዬ ላቀባብለው ስል እጀታው መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ፈትቼ ባየው የደረቀ ዘይትና አቧራ ተጋግሮበታል። በላምባ አጠብሁት፣ በጨርቅ ወለወልሁት፣ የስፌት መኪና ዘይት ቀባሁት።

«ይኼ መሣሪያ ነው እንጂ ድስት አይደለም» አለኝ ኪዳኔ።

«ድስትም ካላጠቡት ያሳርራል» አልሁት።

ከዚያ ከበቆሎው ማዶ ጉብታው ሥር የጀሪካን ክዳን አቆምሁ። በቤልጅጉ ሁለቴ ተኮስሁ፤ ሁለቴም መሐሉን በሳሁት። በምንሽሩ አንዱን አገኘሁ፣ ሌላው ዳሩን ልጦ አለፈ። እውነቱን ልንገርህ፣ በኢላማ ምንሽሩ ቤልጅጉን አይደርስበትም። ምርጫህ ልክ ነበር። ጠመንጃህ አልተበላሸም፤ የሚያየው ሰው ነው ያጣው።

እዚያ አሶሳ፣ በአዲሱ ቤትህ የሚወለውልልህ ሴት እንደሌለች ሳውቅ ደስ አለኝ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ያኔ ከአደን ስትገባ ጭቃ እንደያዘ ጥግ ታስደግፈው ነበር፤ ጠዋት ስታነሣው ንጹሕ ነው። በራሱ የሚጸዳ መስሎህ ነበር? አንድ ቀን እንኳን ማን ወለወለው ብለህ አልጠየቅኸኝም። ብትጠይቀኝ «ማን ይመስልሃል?» እልህ ነበር። መልሱን አዘጋጅቼ ስንት ዓመት እንደጠበቅሁህ አታውቅም።

ቤልጅጉን ለኪዳኔ መልሼለታለሁ። ዘይት አታጓድልበት፤ እርጥብ መሬት ላይ አታጋድመው። አሁን እንዲያውም እኔ ዘንድ ካለው ይሻላል። ምንሽሩን ግን አልሰጥህም። በቆሎው እያሸተ ነው፣ ከእኔ ሌላም የሚጠብቀው የለም።

ኪዳኔ «ታዲያ ምን ልበለው?» ሲለኝ «ምንም አትበለው፣ እኔ እጽፍለታለሁ» አልሁት። በእሱ አፍ እንዲደርስህ ያልፈለግሁት ነገር አለ። ለብቻህ አንብበው። አንተ ራስህ መጥተህ ብትጠይቀኝ ኖሮ ሁለቱንም እሰጥህ ነበር፤ በቆሎውን ከርከሮ ቢጨርሰው ይጨርሰው።

በእጄ የጻፍሁት፣
ብርሃነሽ