የትከሻው ቁራጭ ጨርቅ

ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን
ከጦር ሰፈሩ የስፌት ክፍል

ይድረስ ለማትጠገበው ልጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ብርዱስ? እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ካልቆጠርከው። ይህን የሚያደርስልህ የውጪዎቹ አሰልጣኞች አስተርጓሚ ነው፤ ነገ ከእነሱ ጋር ወደ እናንተ ማሰልጠኛ ይበራል። በፖስታ ያልላክሁት ለምን እንደሆነ ስታነበው ይገባሃል።

ስልጠናህን ጨርሰህ በሚቀጥለው ሳምንት ከጓዶችህ ጋር እንደምትመጣ ሰማሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እልል እል ነበር። አሁን ግን እህል አልወርድ ብሎኛል።

ልጄ፣ ውለታ ቢስ አይደለሁም። የውጪዎቹ እርዳታ ከመምጣቱ በፊት ወታደሮቻችን ምን ለብሰው ይዘምቱ እንደነበር እኔው ስጥፍ ኖሬአለሁ። ብርድ ልብሱ ለሦስት ሰው አንድ ነበር። አጎትህም ሲቆስል የእነሱ አምቡላንስ ባይደርስለት ኖሮ ዛሬ በክራንች እየዞረ አይነዘንዘኝም ነበር። የዩኒፎርሙ ጨርቅማ አይወራ፣ መርፌ ይሰብራል።

ግን ባለፈው ወር የድንበሩ መጋዘን ከነዕቃው በአማፂዎቹ እጅ ገባ። ሳጥኖቹ እንኳ አልተከፈቱም ነበር። አንዳንዱ ተማረከ ይላል፣ አንዳንዱ ተሸጠ ይላል። እኔ የማውቀው፣ አሁን እነሱም የኛን ልብስ ለብሰው፣ የኛን ሬዲዮ ይዘው መዞራቸውን ነው። ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ የኛዎቹ ግራ ትከሻ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ይሰፋል፤ ቀለሙ በየጥቂት ቀኑ ይለወጣል። የዕለቱን ቀለም ያልያዘ ሰው ኬላ ላይ ከታየ ሳይጠይቁ ይተኩሳሉ። ጨርቁን የምሰፋው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ከአሰልጣኞቹ አንዱ ሊጎበኘን ሲገባ አስተርጓሚውን፣ «ልብሱን ለኛ እናንተ ሰጣችሁን፤ ለጠላትስ ማን ሰጠው? በልልኝ» አልኩት።

«እትዬ፣ እሱን ከተረጎምኩ ከነገ ጀምሮ አጠገብሽ ተቀምጬ ቁልፍ መስፋቴ ነው» ብሎ ሳቀ። ግን ጠየቀልኝ።

አሰልጣኙ አንገቱን ደፋ። «በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ዓይነት ልብስ እንልካለን» አለ።

«መጋዘኑን የሚጠብቁትስ ያው አይደሉ?» አልኩ። ይህን አልተረጎመልኝም።

ጭራሮን ታስታውሰዋለህ፣ የአናጢውን ልጅ? አብራችሁ ኳስ ስታሳድዱ መስኮቴን የሰበራችሁትን? ማክሰኞ ዕለት ቀለሙ ነጭ ነበር። ከቀትር በኋላ ሃምሳ አለቃው እያለከለከ መጣና፣ «እትዬ፣ ወደ ቢጫ ተለውጧል፣ ቶሎ!» አለኝ። ነጩን እየተረተርኩ ቢጫውን መስፋት ያዝኩ፤ ያለቀውን በቀኝ፣ የቀረውን በግራ እከምራለሁ። መሐል ላይ ጭራሮ ዘው አለ፣ መኪና ጥሎት ሊሄድ ነው። «እትዬ፣ የኔን!» አለኝ። ከክምሩ መዝዤ፣ «እንካ፣ አንተ ብትገባበትም ባዶ የሚመስል ጃኬት» አልኩት። ግንባሬን ስሞኝ ሮጠ።

ኬላው ላይ የገዛ ጓደኞቹ ተኩሰው ገደሉት።

እናቱ ትናንት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ቀለሙ ምን ነበር? አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ። ውሃ ቀዳሁላት። ከየትኛው ክምር እንደመዘዝኩት አላስታውስም፣ ልጄ። እምልልሃለሁ፣ አላስታውስም።

እግርህ ላይ ወድቄ እለምንሃለሁ፣ ያን ልብስ ለብሰህ እንዳትመጣ። ከአውሮፕላን ወርዳችሁ እዚህ እስክትደርሱ የሁለት ቀን መንገድ ነው። መሐል ላይ ቀለሙ ቢለወጥ ማን ይነግራችኋል? ጠላት ስለሚሰማ በሬዲዮ መናገር ተከልክሏል። መልእክተኛ ላኩላቸው ብዬ አለቆቹን ለምኜ ነበር፤ «ሴትዮ፣ አንቺ መርፌሽን ያዢ» አሉኝ።

እዚያው ቅር። አመመኝ በል፣ ወደቅኩ በል። አይሆንም ካሉህ የአባትህን ካፖርት በአስተርጓሚው ልኬልሃለሁ፤ ከአውሮፕላኑ እንደወረድክ ዩኒፎርሙን ጥለህ እሱን ልበስና እንደ ማንም መንገደኛ በአውቶቡስ ና። ከድተሃል ብለው ያስሩህ ይሆናል። ይሰሩህ! እስር ቤት ስንቅ ይገባል፤ በእግሬም ቢሆን በየቀኑ አመላልስልሃለሁ። የጭራሮ እናት ለማን ታመላልስ?

የሚያውቅህ እንጂ የሚጠረጥርህ ዓይን አይይህ። ስትገባ በሩን አታንኳኳ፣ አልቆልፈውም።

እናትህ