ሱክሬ ብዬ ብወድቅስ?

ጁላይ 2
ብርድ። ሱቅ ውስጥ ጓንት አድርጌ ዋልኩ። ሦስት ደንበኛ ብቻ። ባለቤቱ በወሩ መጨረሻ እዘጋለሁ ብሏል... የቀረኝ የአስጎብኚነት ፈተናው ነው። አምስት ደቂቃ ስለ ቦሊቪያና ስለ ዋና ከተማዋ መናገር። ቀላል? አምና የወደቅኩት እዚችው ላይ ነው። "ዋና ከተማችን ሱክሬ..." ከማለቴ ፈታኙ ፈገግ ብሎ፣ "ታዲያ አሁን ላ ፓዝ ምን እንሠራለን?" ሲለኝ ምላሴ ተሳሰረ። ዘንድሮም ከወደቅኩ ወደ ሱክሬ፣ አባዬ ቤት። አልፈልግም! እዚህ ላ ፓዝ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ልመለስ?

ጁላይ 7
አከራዬ ዶኛ ፕሪሚቲቫ ቱሪስት ሆነው አለማመዱኝ። ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ አልጋዬ ላይ ጉብ አሉ። ገና ሱክሬ ስል ሳቃቸውን ለቀቁት።
"ፕሬዚዳንቱ የት ነው ያለው?"
"እዚህ።"
"ፓርላማውስ?"
"እዚሁ።"
"ታዲያ ሱክሬ ምን ቀራት?"
"ፍርድ ቤት..."
"እሱና የታወቀችበት ቸኮሌት! ላ ፓዝ በይና እለፊ፣ ምን አስጨነቀሽ?"
እውነት ምን አስጨነቀኝ?

ጁላይ 10
አባዬ ደወለ። ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር... ሰላምታውም ታሪክ ነው።
"በ1899 የላ ፓዝ ሰዎች የመንግሥቱን መቀመጫ በጦርነት ወሰዱብን። ስሙን ደግሞ አንቺ ልትሰጫቸው ነው? ላ ፓዝ ብትዪ ልጄ አይደለሽም!"
"ብወድቅስ አባዬ?"
"ብትወድቂ ቤትሽ አለ።"
ደስ ያለው ለምን መሰለኝ?

ጁላይ 13
ሱክሬ... ላ ፓዝ... ሱክሬ። ጥርሴን ስቦርሽ እንኳ። ኧረ ልቀቁኝ!

ጁላይ 14
ያው ፈታኝ፣ ያው ፈገግታ፣ ያው ጥያቄ። በገንኩ። ዘንድሮ ግን አፌ አላቆመም። "ሕጉ ዋና ከተማ የሚለው ሱክሬን ነው። መንግሥቱ ያለው ላ ፓዝ። ስሙ የአባት፣ ጓዳው የእናት እንደሆነ ቤት ማለት ነው። እኔ ሱክሬ ተወለድኩ። እዚህ ስመጣ ዳገቱ ትንፋሽ አሳጥቶኝ ነበር፤ ዛሬ አስቤዛ ተሸክሜ እየዘፈንኩ እወጣዋለሁ።"
ፈገግታውን ተወና ጻፈ።
አለፍኩ! እሰይ!

ጁላይ 16
የላ ፓዝ በዓል። የሰልፈኛው ጥሩምባ መስኮቴን ያንቀጠቅጠዋል። ሁለት ቀን ፈርቼ ዛሬ ለአባዬ ደወልኩ።
"ምን አልሽ?"
"ሱክሬ።"
"ተባረኪ! መቼ ትመጫለሽ ታዲያ?"
"አባዬ... አልፌያለሁ እኮ።"
የጥሩምባውን ድምፅ ለማራቅ መስኮቱን ዘጋሁ።
"ጎሽ..." አለ። "ክፍልሽን ኖራ አስቀብቼው ነበር።"
ለካ ሱክሬ በይ ሲለኝ የከረመው ለሱክሬ ብቻ አልነበረም።
"የመጀመሪያዎቹን ቱሪስቶች ይዤልህ እመጣለሁ። ስለ አገሩ አንተ ትነግራቸዋለህ።"
"እኔን ግን" አለ አፍንጫውን እየሳበ፣ "አምስት ደቂቃ አይበቃኝም።"