ስንዴ የመሰለው እንክርዳድ

ነሐሴ 26

ለቤተሰቡ፣ ለጎረቤቱና ለመላው ላስታ ይታወቅ፦ ቀዩ አውራ ዶሯችን ዛሬ ጠዋት አጥር ዘሎ የጋሻዬን ጓሮ ይዟል። ጎረቤታችን ጋሻዬ እስከ አሁን እጁን አልሰጠም።

ሌላ ወሬ የለም። ከይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ በታች ያለውን ስንዴ ስናርም ዋልን። ልጄ ከፋለ፣ ሚስቱ አሰለች፣ እኔ። አሰለች ፀንሳለች፤ ጎንበስ ስትል ያቅለሸልሻታል። "አንቺ ቁጭ በይ፣ የሆድሽ ልጅ ይረም" አልኳት። "እሱስ ከአባባ ሳይሻል አይቀርም፣ እርስዎ ዘንድሮ እንክርዳዱን እየዘለሉት ነው" አለችኝ።

እኔ? በዚህ አገር እንደኔ እንክርዳድ የሚለይ ዓይን አለ?

ያገኘሁት ግን ጥቂት ነው። ድሮ እቅፍ ሙሉ ነበር...

ጥቅምት 8

ስንዴው አሸተ። ውስጡ እንክርዳድ። ዳሩ ብቻ ቢሆን... መሀሉ ሁሉ።

ቁመቱ ከስንዴው እኩል። ያሸተውም ከስንዴው እኩል። ድሮ ቀድሞ ያሸት ነበር፤ አንገቱን ብቅ ሲያደርግ ነው የምንይዘው። ይኼ የት ተደብቆ ከረመ? በነሐሴ በእጄ ዳስሼዋለሁ ማለት ነው። ዳስሼ ተውኩት።

ከፋለ ልንቀል ብሎ ገባ። ሥሩ ተያይዟል፤ አንዱን ሲስብ ስንዴው አብሮ ይመጣል። ትቶት ወጣ።

ታኅሣሥ 12

ወቃን። በወንፊት ነፋን። እንክርዳድ ደቃቅ ነው፣ በቀዳዳው ይወርዳል። ዘንድሮ የወረደው አንድ እፍኝ። የቀረው ከስንዴው ጋር ላይ ቁጭ ብሏል፣ እንደ ስንዴው ወፍሮ።

"ጥሩ በልቷል" ብዬ ቀለድኩ። የሳቀ የለም።

ታኅሣሥ 27

የልጅ ልጄ ፋና ለገና መጣች። ላሊበላ ከተማ ነው የምትማረው። "ወንፊታችን ሰነፈ" አልኳት። ከእህሉ ዘግና በመዳፏ እያገላበጠች አየችው።

"አባባ፣ እንክርዳድ ሁሉ አንድ አይደለም። አጭር አለው፣ ረጅም አለው። ደቃቅ አለው፣ ወፍራም አለው። የለዩትን እርስዎ ነቀሉት። ደቃቁን ወንፊቱ ጣለው። ስንዴ የሚመስለው ተረፈና ከስንዴው ጋር ተዘራ። ልጆቹም እሱን መሰሉ። በየዓመቱ እንዲያ።"

"ሆን ብሎ ነው?"

"እሱማ ምን ያውቃል። የታየው ሞተ፣ ያልታየው ዘር ጣለ። በቃ።"

"ታዲያ ስንት ዓመት ይፈጃል?"

"እርስዎ ስንት ዓመት አረሙ?"

ሳርም ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። አባቴም አርሟል፣ የሱም አባት። ለካ መምህሩ እኛ ነን... ተማሪዎቻችን ጎበዝ ወጡ።

ጥር 5

የአዲሱ ስንዴ ዳቦ ተበላ። መረር ይላል። ከፋለ ዓይኑ ጭጋግ ለበሰበት። "ከማን ቤት ጠጥተህ መጣህ?" አልኩት። ጠላ በአፌ አልዞረም ብሎ ማለ።

አውራ ዶሮውም ፍርፋሪ ለቅሞ ተንገዳገደ። አጥሩን ተደግፎ ቆመ፣ እስኪያልፍለት። ሳቅሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ጥር 13

አሰለች ወደቀች። ውኃ ቀድታ ስትመለስ፣ ጄሪካኑን በጀርባዋ እንዳዘለች። "መሬቱ ዞረብኝ" ነው ያለችው። እንክርዳድ ራስ ያዞራል፤ ጠዋት ዳቦ ነው የበላችው። ሁላችንም ዳቦ ነው የበላነው።

ከወደቀች ወዲህ የሆዷ ልጅ አልተንቀሳቀሰም። ከፋለና ጋሻዬ ሰው ጠርተው በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። እኔ ቤት ቀረሁ። ዳቦው እዚያው ሰፌዱ ላይ አለ። የሚነካው የለም።

ጥር 14

ተንቀሳቀሰ።

ጥር 20

ከፋለ፣ "ለዘር የሚሆነንን እንኳ በእጅ እንልቀም" አለ።

"ብንለቅም የምናወጣው የሚለየውን ነው። የሚቀርህ ከሁሉም ይበልጥ ስንዴ የሚመስለው ነው። እሱን ልትዘራ?"

"ዘር የሌለው ቤት ልንሆን ነው፣ አባባ?"

"እንሁን።"

እህሉን አቃጠልነው። ጭሱ ዳቦ ዳቦ ሸተተ። ዘንድሮ በገብስ ብቻ ነው የምንከርመው፣ እሱም ከበቃን።

ነሐሴ 19

ማሳው ላይ ባቄላ ነው። አፈሩ ውስጥ የቀረው እንክርዳድ ብቅ ብሏል፤ በሰፊው የባቄላ ቅጠል መሀል ቀጭን ሣር፣ ራቁቱን። ሕፃን እንኳ ይለየዋል። ሕፃኗም አለች፤ የትናየት፣ በመጋቢት የተወለደችው፣ ከአሰለች ጀርባ ላይ ሆና ታየኛለች። "እዚያ ጋ ዘለልክ በይኝ" አልኳት።

ሁሉንም ነቀልሁ? ያየሁትን ነቀልሁ።

አንዱ ቅጠሉ ሰፋ ያለ መሰለኝ... ጎንበስ ብዬ ብዙ አየሁት። ነቀልሁት። አጠገቡስ ሌላ ነበር?

አንድ ነገር ይስተካከል። ጥር 5 ላይ ዶሮው ተንገዳገደ ያልኩት ፈጠራ ነው። ዶሮው ደህና ነበር። አጥር ተደግፌ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌው አበቃለት እንዳይሉኝ ደበቅሁ፣ ለራሴ በምጽፈው እንኳ። ያን ማታ ብናገር ኖሮ አሰለች ከዚያ ዳቦ ዳግመኛ አትቆርስም ነበር።