ስም የተሰካባቸው ዕቃዎች

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን
(ማክሰኞ መሆኑን ከታች ያለውን ዳቦ ጋጋሪ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።)

ይድረስ ለመርፌዬ፣ ለቀጭኗና ለምትወጋው ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ ልማዱ ይጮኻል። ባለፈው ስለ ኑዛዜ ሳነሳብሽ «አባዬ፣ ስለ ሞት አታውራብኝ!» ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ብትጥዪውም አንብበሽ ነው የምትጥዪው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ «ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ጉዳይዎን አሁኑኑ መልክ ያስይዙ» አለኝ። እኔም የልብስ ሰፊ ነገር፣ አርባ ዓመት የማውቀውን አደረግኩ። በሱቃችን ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ላይ የባለቤቱን ስም በወረቀት ጽፈን በስፒል እንሰካ አልነበር? ቤቱን ዞሬ ዕቃውን ሁሉ እንደዚያ አደረግኩት፤ ስፒል እምቢ ያለውን ደግሞ በማጣበቂያ። ትልቁ መስታወት ላይ «ፀጉር አስተካካዩ»፣ የግድግዳው ሰዓት ላይ «ጡረተኛዋ መምህርት» እያልኩ ወረቀት ጨረስኩ።

ለካ ደንበኞቼን አርባ ዓመት ሙሉ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ፦ ስምህ ካለበት አልቋል፣ ይዘህ ሂድ። ፀጉር አስተካካዩ ሊጠይቀኝ መጣ። ሻይ ላፈላለት ገብቼ ስወጣ መስታወቱም የለ፣ እሱም የለ። ደረጃው ላይ ደረስኩበት።

«አንተ ሰውዬ! ወዴት ይዘኸው ነው?»

«ስሜ አለበታ።»

«እሱ እኮ ስሞት ነው!»

«ታዲያ ቀን አልጻፍክበትም።»

እውነቱን ነው፣ አልጻፍኩበትም። መስታወቱ አሁን እሱ ሱቅ ተሰቅሏል። መምህርቷም ሰዓቱን ከወሰደች ይኸው አሥር ቀን ሆናት። እየደወለች ስንት ሰዓት እንደሆነ ትነግረኛለች። በቁሜ ወረሱኝ ልጄ።

ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ፤ ያቺ የትምህርት ቤት ልብሷን ስሰፋላት አልለካም ብላ ታለቅስ የነበረችው። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችብኝ።

«አባባ፣ ወረቀት መሰካት ኑዛዜ አይሆንም። ተጽፎ፣ ቀን ኖሮት፣ ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ እርስዎም እነሱም ይፈርሙበታል። ምስክሮቹ ደግሞ ከኑዛዜው ምንም የማያገኙ ሰዎች ይሁኑ።»

እንግዲህ የማላወርሰው ሰው ፍለጋ ወጣሁልሽ። ወዳጆቼ ሁሉ ስማቸው አንድ ዕቃ ላይ አለ። የቀረኝ ዳቦ ጋጋሪው ነበር፤ ምስክር ሁነኝ ስለው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን በደልኩህ? ሠላሳ ዓመት ትኩስ ዳቦ አብልቼህ አንድ ድስት እንኳ አይገባኝም?»

አኮረፈኝ። ከዚያ ወዲህ የሚሸጥልኝ ያደረውን ነው። በመጨረሻ ጠበቃዋ ቢሮ ቧንቧ ሊጠግኑ የመጡ አራት ሰዎች እጃቸውን ጠርገው ፈረሙልኝ። ቤቱ ያንቺ ነው።

የቀረው ውክልናው ነው፤ የጻፍኩልሽም ለእሱ ነው። ኑዛዜ ከሞትኩ በኋላ ነው የሚሠራው። ውክልናው ግን በሕይወት እያለሁ መወሰን ቢያቅተኝ ስለ ሕክምናዬና ስለ ቤቴ ማን ይወስንልኝ የሚለው ነው። አንቺ እንድትሆኚልኝ እፈልጋለሁ። ጠበቃዋ «አእምሮዎ ሙሉ ሳለ ነው የሚፈረመው፤ ልጅዎም መጥታ ከጎንዎ ብትፈርም ጥሩ ነው፤ መቼ ትመጣለች?» አለችኝ። ሥራ ይበዛባታል አልኳት።

ስለ ወረቀቶቹ ያልነገርኩሽ አለ። ሁሉም የውርስ አይደሉም። ምድጃው ላይ «አጥፋኝ» የሚል አለ፣ በሩ ላይ «ቁልፍ ይዘሃል?» የሚል። የእናትሽ ፎቶግራፍ ላይም ስሟን ጽፌያለሁ፤ እሷን ለማንም ላወርስ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የገዛ መንገዳችን ጠፋብኝና ፀጉር አስተካካዩ እጄን ይዞ ቤቴ አደረሰኝ። (መስታወቱን ግን አልመለሰም።) ፈርቻለሁ ልጄ። ስልክ ላይ ይህን ልነግርሽ ነበር፣ ዘጋሽብኝ እንጂ።

ክርሽ አይበጠስ፣ የያዝሽው ሁሉ ይመርልሽ፣ ክፉ አይንካሽ።

የሚወድሽ አባትሽ

ይህችን ልረሳት ነበር፦ መንገድ ከጠፋብኝ ቀን ወዲህ ኮቴ ደረት ላይም አንድ ወረቀት ሰክቻለሁ። ያንቺ ስም አለበት። የሱቃችንን ደንብ ታውቂዋለሽ።