የጋሽ ደምሴ መልክ

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 4። ጠዋት።
ፎቶ ቤቱን ከፈትኩ፣ ኮምፒውተሩን አበራሁ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ፒያሳን የወፍ በሽታ ይዟታል! ስክሪኑ ላይ ሙሽሮች ቢጫ፣ ሚዜዎች ቢጫ፣ የመታወቂያ ጉርድ ሁሉ ቢጫ። ትናንት ኮምፒውተሩ ሲስተሜ ይታደስ ብሎ ለመነኝ፤ እሺ አልኩት። እሱ ታደሰ፣ እኔ አረጀሁ።
ማተሚያው ላይ የሚሠራው ሸሪኬ ኑሩ ገመዱን ነቅሎ ሰካ። አልሆነም። ሞኒተሩን በጥፊ አለው። በአገራችን ሕክምና ከዚህ ወዲያ የለም። ቢጫው ንቅንቅ አላለም።

እዚያው ቀን፣ 10 ሰዓት።
ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ክር የሚሸጡት እትዬ አልማዝ መጡ። የባላቸው የጋሽ ደምሴ አርባ እሁድ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ትልቅ ፎቶ ይፈልጋሉ። ያላቸው አንድ የደበዘዘ ጉርድ ብቻ፤ ሰውዬው ካሜራ አይወዱም ነበር።
ስካን አደረግኩት። ቢጫ። ሊቅ ነኝና ሰማያዊ ጨመርኩ። እንደ ቤቱ ወግም ቀላ አደረግኳቸው። ጠይም ገብቶ ጠይም የወጣበት ፎ/ቤት እስካሁን አላየሁም። ስክሪኑ ላይ አማሩ። ኑሩ አትሞ፣ ሳላየው በፖስታ አሸገው።

ረቡዕ፣ ረፋድ።
እትዬ ፖስታውን ከፈቱ። ከዚያ በቀስታ፣ እንዲህ ሆኖ ያየሁት ሆስፒታል ነው አሉ። በመጨረሻው ቀን። ፎቶውን ባንኮኒው ላይ ደፍተው ወጡ።
ገልብጬ አየሁት። ፊታቸው አመድ፣ ከንፈራቸው ሰማያዊ። ሰውዬውን ሁለተኛ ገደልኳቸው። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ፤ ይኸም ይመዝገብልኝ።

ሐሙስ።
ስካኑን ወደ ኑሩ ስልክ ላክን። ስልኩ ላይ ጋሽ ደምሴ ጤነኛ! የታመመው ስክሪኑ፣ እኔ መድኃኒት የሰጠሁት ለፎቶው። ሴቲንጉን በረበርኩ። እድሳቱ «የማታ ብርሃን» የሚባል ስክሪን ቢጫ የሚያደርግ ነገር በጠራራ ፀሐይ አብርቶልናል፤ ለዓይናችን አዝኖ። አጠፋሁት። ቢጫው ለቀቀ፣ አረንጓዴ ነገር ቀረ። ስክሪኑ ቀለም የሚያስተካክልበት የድሮው ፕሮፋይላችንም ተጥሏል። ፈልጌ መለስኩት። ዳነ። ኑሩ ግን ያዳነው ጥፊዬ ነው፣ ዘግይቶ ነው የተሰማው ይላል።
አሁን ሌላ ጣጣ። የጋሽ ደምሴ መልክ ምን ዓይነት ነበር? ጉርዱ ራሱ በዕድሜ ቀልቷል። ኑሩ ጠይም ናቸው ይላል፣ እኔ የቀይ ዳማ። ሁለታችንም በየቀኑ ሰላም ስንላቸው ኖረናል። ለካ ሰላም ማለት ማየት አይደለም።

አርብ፣ ከሰዓት።
እትዬን ደውዬ ለመንኳቸው። መጡ፣ ተኮሳትረው። አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። ስክሪኑን አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን ከጋሽ ደምሴ ጉንጭ ጎን ዘረጉ። ከእጄ ትንሽ ጠቆር፣ አሉ። አጠቆርኩ። አልፈህ ሄድክ፣ ተመለስ። ተመለስኩ።
«እዚያው! እንዳትነካው!»
ኑሩ አተመ። እትዬ እጃቸውን ፎቶው ላይ አሳረፉ። እሱ ነው፣ አሉ።
ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው እኔንም አንሣኝ አሉ፤ ነገ ስሞት ልጆቼ መልኬን በማን እጅ ይለኩታል? አነሣኋቸው። ልማድ ክፉ ነው፣ ጣቴ መልክ ወደሚያቀላው ቁልፍ ሄደ።
«ተው የኔ ልጅ፣ የደከምኩበት መልክ ነው።»
ተውኩ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት።
ወስኛለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ማንንም በገዛ ፈቃዴ አላቀላም። በር ላይ ጽፌ ለጠፍኩ፦ «እንደተፈጠሩ እናነሣለን»። ኑሩ ሳቀ፤ ጥር ገብቶ ሠርጉ ሲበዛ አይሃለሁ አለኝ። የምን ጥር! ሙጫው ሳይደርቅ አንዲት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አነበበች። ደግማ አነበበች። አሁን ወደ እኔ እየመጣች ነው፤ አቅላኝ ሳትለኝ አይቀርም።