ምስጢርህን ለልጅህ ነገርኩት

ለልጆቼ አባት፣

ሰው ፊት «አንቱ» እያልኩህ ሃያ ዓመት ኖርን። በሩ ሲዘጋ ግን «አንተ» ነበርክ። አሁንም በሩ ዝግ ነው፤ ያለነው እኔና ወረቀቱ ብቻ ነን፤ ስለዚህ አንተ እያልኩ ልጻፍልህ።

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ በህልሜ አልመጣህም። ጎረቤታችን ዘነቡ ሁለት ጊዜ አይታሃለች። «ቄሱ ነጭ ለብሰው ከወንዙ ማዶ ቆመው ነበር» ስትለኝ ለማንም የማልናገረው ቅናት ያዘኝ። የኔ እንቅልፍ እንደታጨደ ማሳ ባዶ ነው።

ትናንት ግን በጠራራ ፀሐይ ሰማሁህ። ጓዳ ሆኜ ገብስ እያበጠርኩ ነበር። ከአውድማው «ዙር ቦራ! ዙር እንጂ፣ አንተ ሰነፍ!» እያልክ በሬውን ስትቆጣ ሰማሁህ። መሞትህ ከልቤ ጠፋ። ጠላውን እንደምትወደው አጥልዬ በቅል ቀዳሁና ወጣሁ። ገለባው በነፋስ ተነሥቶ አውድማውን ሸፍኖት ነበር። ከገለባው ውስጥ አለንጋ ይዞ የወጣው ላቀው ነው፣ ልጅህ። «እማዬ፣ ለኔ ነው?» አለኝ፣ ባንተ ድምፅ። ቅሉን ሰጠሁትና ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ተመለስኩ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ድምፁ ብቻ አይደለም። ጥፋት አለብኝ። ለማንም እንዳልናገር በማርያም ያስማልከኝን ያንን የልጅነት ምስጢርህን ለልጅህ ነገርኩት። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ ፍርዱን ላንተ እተዋለሁ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ቦራ አርጅቷል፤ እንደ ድሮው አይታዘዝም። የተለወጡት ልጆቹ ናቸው። አንተ ስትሄድ መንትዮቹ የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች፣ ቁመታቸውም አንድ ነበር፤ ከኋላ ስታያቸው ላቀውን ትርንጎ፣ ትርንጎን ላቀው ብለህ ትጠራ ነበር። መጀመሪያ ትርንጎ ቀደመች። በአንድ ክረምት ወንድሟን በቁመት አንድ ራስ ያህል በለጠችውና «አንተ ታናሼ» እያለች ታበግነው ጀመር። በሚቀጥለው ክረምት እሱ ተነሣ። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ ሸሸ። እጅና እግሩን ከሌላ ሰው የተዋሰው ይመስል ዋንጫ ይጥላል፣ የበሩን ጉበን በግንባሩ ይመታል። ሲናገር ድምፁ አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይወፍራል፤ ሰው እንዳይስቅበት ብሎ መናገሩን ቀነሰ።

ትርንጎ አሁን መካነ ኢየሱስ ከተማ ከአክስቷ ልጅ ጋር ቤት ተከራይታ ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። አምና አንድ ዓርብ ከሰዓት መጣችና ደብተሯን እንኳ ሳታስቀምጥ «እማዬ፣ መጣብኝ» አለችኝ፣ ዝናብ መጣ እንደሚል ሰው። እኔ በሷ ዕድሜ ደሙን ሳይ የምሞት መስሎኝ ነበር፤ ከጭድ ክምር ሥር ተደብቄ ሳለቅስ እንደዋልኩ ነግሬሃለሁ። ለነሱ ግን አስተማሪያቸው ሴቶቹን ከዛፍ ሥር ሰብስባ ሁሉንም ነግራቸዋለች። «ወንዶቹስ?» አልኳት። «እነሱማ ኳስ ተጫወቱ ተባሉ» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። መሳቅ አልነበረብንም።

እኔም ለሷ ያስቀመጥኩት ነገር ነበር። ማንበብ የተማርኩት ቅመም ከተጠቀለለበት ወረቀት እንደሆነ ታውቃለህ፤ አንተ ከገበያ ስትመጣ መጀመሪያ የምቀበልህ ወረቀቱን ነበር። አንዱ ከተማሪ መጽሐፍ የተቀደደ ነው፤ ሴት ልጅ ስታድግ ገላዋ ላይ የሚሆነውን ያስረዳል። ከታች «ወንዶች ልጆች ደግሞ» ይልና እዚያው ላይ ተቀዷል። እነዚያን ሦስት ቃላት ስንት ጊዜ አንብቤ አለፍኳቸው። ወንዶች ልጆች ደግሞ ምን? ብዬ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን የኔ የወር ልማድ ቆመ። ለሷ ጀመረ፣ ለኔ ቆመ። ይህን ለሌላ ለማንም አልነገርኩም።

ላቀውን ድቁና ያስቀበልከው አንተ ነህ። ቀጭን ድምፁን ሰምቶ የማያደንቅ አልነበረም። ባለፈው ክረምት ግን ጨርሶ ዝም አለ። ልብሱን ራሱ ማጠብ ጀመረ፤ ማለዳ ወንዝ ይወርድና ጋቢውን ሳይቀር አጥቦ ይመለሳል። እኔም ለዘነቡ «ልጄ እንደ አባቱ ንጽሕና ይወዳል» ብዬ ተመጻደቅኩ። ለምን እንደሚያጥብ አልጠረጠርኩም።

ከመስቀል በኋላ አንድ እሑድ ቅዳሴ ሊታጎል ነበር። ሦስተኛው ዲያቆን የለም። ላቀው ከቅጥሩ ውጭ፣ ከትልቁ ጽድ ሥር፣ ፊቱን ወደ ግንዱ አዙሮ ቆሟል። «ና ግባ» ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል። ከማዶ ደብር ሌላ ልጅ እየሮጠ እስኪመጣ ሕዝቡ ቆሞ ጠበቀ። «የቄስ ልጅ ሆኖ!» አሉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደገመው።

ከሳ፤ እህል ዘጋው። ዘነቡ «ጠበል ውሰጂው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። ወሰድኩት። ከጠበሉ አፋፍ ሲደርስ እግሩን ተከለ። «ዛሬ አልጠመቅም» አለኝ። እጁን ብይዘው መነጨቀኝና ዳገቱን በሩጫ ወጣ። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ አየ። ከጠበል የሚሸሽ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። በሦስተኛው ቀን «ጋኔን አለበት» ያላለ አልነበረም። እኔም አመንኩ። የገዛ ልጄን፣ ገበታ ላይ እጁን ሲዘረጋ እያየሁ ፈራሁት። ይህንንም ይቅር በለኝ።

ዓርብ ዕለት ትርንጎ ደወለች። «እማዬ፣ ላቀው ነገ ስንቅ ሲያመጣልኝ በዚያው መኪና ሊሳፈር ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ሊወርድ ነው። መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠይቆኛል።» መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። «ትሰሚኛለሽ? ደግሞ ጋኔን የሚሉትን ተያቸው። እሱ የሚቆምበት ቦታ እኮ እኔ በወር ልማዴ ጊዜ የምቆምበት ነው። የኛን ነገሩን። የነሱን ማን ነገራቸው?»

ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ህልም! ወንድ ልጅ ሲያድግ በእንቅልፉ ዘሩ ሲፈስ ህልም መታው እንላለን፤ ህልም የመታው ደግሞ በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ ጠበልም አይነካም። ልጄ የሮጠው ጠበሉን ፈርቶ ሳይሆን አክብሮ ነበር። የቄስ ሚስት ሆኜ፣ ይህን ደንብ ከልጅነቴ እያወቅሁ፣ ልጄን ግን ለዚህ ያደገ አድርጌ አላየሁትም ነበር።

ይህን ለወንድ ልጅ የሚነግረው አባቱ ነው። የነፍስ አባታችን ለተዝካር ወደ ወገዳ ሄደዋል። የቀረኝ አንድ ቀን ነው። ልጄ ቆላ ከወረደ ደግሞ ማን እንደሚመልሰው እንጃ።

ቅዳሜ ጠዋት «እኔም እሄዳለሁ» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ እንቢ ግን አላለም። ስንቁን በጆንያ ተሸከመ። ከጉና ተራራ የወረደ ጉም መንገዱን ዘግቶት ነበር። መንገዱ ጠባብ ነው፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የሚታየኝ ጀርባው ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ጀርባውም ይጠፋና ኮቴውን ብቻ እሰማለሁ።

«ላቀው» አልኩት።

«አቤት» አለ ከጉሙ ውስጥ፣ ባንተ ድምፅ።

ድፍረት ያገኘሁት ያኔ ነው። ለሱ የምናገር አልመሰለኝም፤ ላንተ የማወራ መሰለኝ።

«አባትህ ባንተ ዕድሜ፣ ከአርብ ገበያ ማዶ የቆሎ ተማሪ ሳለ፣ ህልም መታው» አልኩት። ትከሻው ደረቀ። አልዞረም፤ መራመዱንም አላቆመም። ስለዚህ ቀጠልኩ። አፍረህ ለየኔታህ «ሆዴን ቆረጠኝ» እንዳልካቸው፣ እሳቸውም «ይሄ ኮሶ ነው!» ብለው አስወቅጠው እንዳጠጡህ፣ ያንን መራራ ጠጥተህ ቀኑን ሙሉ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ስትሮጥ እንደዋልክ ነገርኩት። ሌላ ጊዜ ሲመታህም እንደገና ሆዴን፣ እንደገና ኮሶ።

«ስንት ጊዜ ጠጣ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስት ጊዜ ኮሶ!»

«በአራተኛው ጽዋውን ሲያይ እግራቸው ላይ ወድቆ እውነቱን አወጣ። የኔታ እስኪያነቡ ሳቁ። ‹አንተ ጅል፣ እኛስ ከእንጨት ተጠርበን የመጣን መሰለህ? ያደገ ሁሉ ያየዋል። ዛሬ ከውጭ ቁም፤ ነገ ትገባለህ› አሉት።»

ኮቴው ቆመ። «እማዬ፣ እኔ ከሦስት ጊዜ በላይ ነው» አለ። «ሦስት ጊዜ የመታው ክህነቱ ይፈርሳል ብለውኛል።»

«እነማን?»

«ትልልቆቹ ልጆች።»

«አባትህ ታዲያ ምን ሆኖ ሞተ?» አልኩት። «ቄስ ሆኖ አይደለም?»

ቀጥሎ የሰማሁት ሳቅ ነው። በልጅነት ሳቁ ጀመረና መሀል ላይ ተሰብሮ ያንተ ሳቅ ሆነ። «ሦስት ጊዜ ኮሶ!» ይላል፣ እንደገና ይስቃል። እኔም ከኋላው ሳቅኩ። ጉሙ ውስጥ ማን የቱ ጋ እንደቆመ አይታይም፤ ሦስት ሆነን የምንስቅ መሰለኝ።

መካነ ኢየሱስ ስንገባ ቆላ ወራጆች የሚሳፈሩበት የደብረ ታቦር መኪና እየጮኸ ሰው ይጠራል። ትርንጎ መንገድ ዳር ቆማ እየጠበቀችን ነበር፤ እኛን ሳይሆን ጆንያውን አየች። ላቀው ጆንያውን አወረደና ፈታው። ከስንቁ ሥር፣ ከታች፣ የታጠበ ጋቢውን አወጣ። የኔ ነጠላ በጉሙ ርሶ ነበር። ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝና «ብርድ ነው» አለኝ። ጋቢው ከስንቅ ሥር ምን እንደሚሠራ አልጠየቅሁትም። መኪናው ሄደ።

«ለማንም እንዳትናገር» ብዬ በማርያም አስምዬው ነበር። እኔው ራሴ መሐላዬን አፍርሼ ሌላውን ማስማሌ ያስቃል። ጀንበር ሳትጠልቅ ለእህቱ ነገራት።

ባለፈው እሑድ ማለዳ ለቄሶቹ «ዛሬ ከውጭ ነኝ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብሎ አስቀድሞ ነገራቸው። ትርንጎም መጥታ ነበር፤ የሷም ጊዜ ነበር። ሁለቱም ከጽዱ ሥር ጎን ለጎን ቆሙ፣ የላቀው ፊት ወደ ሰው ዞሮ። ዘነቡ አርፍዳ ስትመጣ አየችው። «ላቀው፣ ዛሬ ደግሞ ምን አገኘህ?»

«ሆዴን ነው እትዬ፤ ኮሶ ሳይሆን አይቀርም» ይላታል። ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች አሉ። እኔ ከውስጥ፣ በጸጥታው መሀል፣ ሳቅህን ሰማሁ።

ከሰዓት ዘነቡ የተወቀጠ ኮሶ በወረቀት ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። «አይዞሽ፣ ጋኔን አይደለም፤ ኮሶ ነው፤ እኔ ፊቱን አይቼ አውቄዋለሁ» አለችኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ። ዘነቡ እስክትሄድ ሳቄን እንዴት እንደቻልኩት አላውቅም።

ኮሶውን ከእጅ መስቀልህ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ማንም አይጠጣውም። ያንን የተቀደደ ወረቀትም አወጣሁት። «ወንዶች ልጆች ደግሞ» ከሚለው ሥር፣ ጠርዙ ላይ በቀረችው ቦታ፣ በትርንጎ እርሳስ «ዛሬ ከውጭ ይቆማሉ፤ ነገ ይገባሉ» ብዬ ጻፍኩበት። የዘነቡም ትንሹ ልጅ እያደገ ነው።

እንግዲህ ፍረደኝ። ከተቀየምክ በህልሜ መጥተህ ተቆጣኝ፤ እሱም ይሻለኛል። ካልመጣህም አልከፋም። ከአውድማው ቦራን ስትቆጣ በሰማሁ ቁጥር ጠላውን አጥልዬ፣ ቀድቼ እወጣለሁ። ከገለባው ውስጥ የሚመጣው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። አውቄም እወጣለሁ።

ያንተው ጥሩዬ